ያገለገለ አምፕና ስፒከር በኦንላይን ስትገዙ፦ ማስታወቂያው ያልጻፈውን እንዴት ታነባላችሁ?

ደብረ ሲና ላይ ለሰርግና ለማኅበር ዝግጅት ሞንታርቦ አከራያለሁ። ዕቃዎቼ በሙሉ ያገለገሉ ናቸው፤ አብዛኞቹን ያገኘኋቸው አዲስ አበባ ካሉ ሻጮች በቴሌግራምና በፌስቡክ ነው። መንገዱ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ ተነስቶ ሄዶ ማየት አይቻልም። ማስታወቂያ ማንበብ የተማርኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ትምህርቱንም በራሴ ገንዘብ ከፍዬበታለሁ።

በ2011 ዓ.ም. የጥር ሰርግ ሳይደርስ አንድ አምፕ (ድምፁን አጉልቶ ለስፒከር የሚሰጠው ዕቃ) ገዛሁ። ማስታወቂያው «ከአሜሪካ የመጣ፣ ያልተነካ፣ አሪፍ የሚሠራ» ይላል። ፎቶዎቹ አራት ነበሩ፤ አራቱም ከፊት የተነሱ። ገንዘቡን ላክሁ፣ ዕቃው በሚኒባስ መጣ፣ ሶኬት ላይ ሰካሁት። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ቤቱ በቫርኒሽ ጭስ ተሞላ። ከጀርባው «120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ» የሚል ተጽፎበታል፤ የኛ መብራት ደግሞ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ጠጋኙ ሲከፍተው ፊውዙ ተነስቶ በቦታው የመዳብ ሽቦ ተጠምዷል። ከአሜሪካ መምጣቱ እውነት ነበር። «ያልተነካ» የሚለው ግን ሐሰት ነው፤ ባይነካ ኖሮ ፊውዙ ተቃጥሎ ትራንስፎርመሩ ይተርፍ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው እንዲህ ነው።

1. የሞዴሉን ቁጥር ተቀበሉ

ስሙ ብቻ አይበቃም፤ ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን ጠይቃችሁ መመሪያውን ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። ቁጥሩን የማይሰጥ ሻጭ ጋር አትቆዩ።

2. እያንዳንዱን የሙገሳ ቃል ወደ ጥያቄ ለውጡ

«ይሠራል» ማለት ብዙ ጊዜ «መብራቱ ይበራል» ማለት ነው። ስለዚህ በግራም በቀኝም ድምፅ ይወጣል ወይ? በሁሉም ማስገቢያ ተሞክሯል ወይ? ለስንት ደቂቃ? ብላችሁ ጠይቁ። «ስላይትሊ ዩዝድ» ምንም አይናገርም። የት ነው ያገለገለው? ሳሎን የተቀመጠና ምሽት ቤት ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ የኖረ ዕቃ አንድ አይደሉም። «ያልተነካ» ካለ የሽፋኑን ብሎኖች በቅርብ ያንሳላችሁ፤ የብሎኑ ጭንቅላት ከተፋቀ ተከፍቷል። መከፈቱ በራሱ ነውር የለውም፣ መደበቁ ግን ለሌላውም ቃሉ ምልክት ነው። «ሰርቪስ ተደርጎለታል» ላለ ምን ተቀየረ? ማን ቀየረው? በሉት።

«የምሞክርበት ገመድ የለኝም» የሚለውን ደግሞ እኔ «ሞቷል» ብዬ ነው የማነበው። የመብራት ገመድ ከጎረቤት የሚለመን ዕቃ ነው። ከፈለጋችሁት በመለዋወጫ ዋጋ ጠይቁት እንጂ ከዚያ በላይ አትስጡ።

3. የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ ሳታዩ ስለ ዋጋ አታውሩ

ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ታገሡኝ። ከጀርባው ጽሑፍ ሦስት ነገር ታነባላችሁ፦ ቮልት፣ ሄርዝ፣ ዋት።

ቮልቱ 220፣ 230 ወይም 240 ከሆነ ችግር የለም። 120 ከሆነ የአሜሪካ፣ 100 ከሆነ የጃፓን የአገር ውስጥ ዕቃ ነው። አንዳንዱ ከጀርባው ቮልት መቀየሪያ አለው፤ ካለው ሶኬቱ ተነቅሎ እያለ ነው የሚዞረው። ከሌለው ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋችኋል፤ ዋጋውንም ከዕቃው ዋጋ ጋር ደምሩት። ትራንስፎርመሩ አምፑ ከሚበላው ዋት በደንብ የሚበልጥ ይሁን፤ 300 ዋት ለሚበላ አምፕ ከ500 ያነሰ አልገዛም። ለ100 ቮልት የጃፓን ዕቃ 100 የሚያወጣውን ፈልጉ፤ 110 የሚያወጣው ያግለዋል።

ትራንስፎርመር ቮልት ያወርዳል እንጂ ሄርዝ አይቀይርም። ለአምፕ ይህ ብዙም አያሳስብም። በቀጥታ ከመብራቱ በሚዞር ሞተር ለሚሠራ የድሮ ሸክላ ማጫወቻ ግን ያሳስባል፦ ለ60 ሄርዝ የተሠራው በ50 ሲሠራ በደቂቃ 33 ከሲሶ መዞር ሲገባው ወደ 28 ገደማ ይወርዳል፣ ዘፋኙም ድምፁ ወፍሮ ይጎተታል። ሻጩ «ትንሽ ቀርፋፋ ነው፣ ቀበቶ ቀይርለት» ቢላችሁ መጀመሪያ ጀርባውን እዩ።

የጃፓን ዕቃ ሬዲዮ ካለበት ሌላም ነገር አለ። የጃፓን ነባሩ ኤፍ ኤም ከ76 እስከ 90 ሜጋ ሄርዝ ነው፤ የኛዎቹ 97.1ም ሆነ 102.1 ከዚያ በላይ ናቸው። «ሬዲዮው ይሠራል» የሚለው ቃል ጃፓን ላይ እውነት ነው። የሬዲዮውን የጣቢያ መፈለጊያ ቁጥሮች ፎቶ ጠይቁ።

ዋት ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሞኛል። ፊት ለፊት «3000 ዋት» የሚል ተለጣፊ ካያችሁ ብዙውን ጊዜ ፒኤምፒኦ የሚባለው ነው፤ ለቅጽበት እንኳ የማይደረስበት የማስታወቂያ ቁጥር ነው። የምትፈልጉት አርኤምኤስ (ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል)፣ እሱም በስንት ኦም (የስፒከሩ መከላከያ መጠን) እንደተለካ የሚናገረው ነው። የቤት ስቴሪዮ ከጀርባው 250 ዋት እበላለሁ ብሎ ከጻፈ፣ ያለማቋረጥ ከዚያ በላይ ለስፒከሩ ሊሰጥ አይችልም፤ በተለመደው ዓይነት አምፕ ግማሹን ያህል ከሰጠ ጥሩ ነው፣ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። ትላልቅ የመድረክ አምፖች ላይ ግን የጀርባው ቁጥር ብዙ ጊዜ የተለካው ከሙሉ ኃይሉ በአንድ ስምንተኛው ስለሆነ፣ ለነሱ መመሪያውን እመኑ።

4. ያልተቆራረጠ ቪዲዮ አስቀርጹ

ወረቀት ላይ የዕለቱ ቀን ተጽፎ ከዕቃው ጋር ይታይ። ከዚያ ሶኬት ሲሰካ፣ ሲበራ፣ ያለ ሙዚቃ ስልኩ ስፒከሩ ሥር ተጠግቶ ግማሽ ደቂቃ። ጎርናና «እምምም» ከሰማችሁ ካፓሲተሮቹ (ውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) አርጅተው ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የድምፁ ቁልፍ ቀስ ተብሎ ይዙር፤ ከተንኳኳና ከተፋጨ ቁልፉ አቧራ ይዟል፣ እሱ በቀላሉ ይጸዳል፤ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማል እንጂ አያስጥልም። ዘፈን እየተጫወተ የተቀረጸ ቪዲዮ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የስልክ ማይክ ባሱን አይዝም፣ ድምፁንም በራሱ ያስተካክላል፤ የተቀደደ ስፒከርም በስልክ ደህና ይመስላል።

5. ስፒከር ከሆነ ከነወንፊቱ አትግዙ

ወንፊቱ ይነሳና በባሱ ዙሪያ ያለው ቀለበት በጎን ብርሃን ይታይ። ቀለበቱ ጎማ ከሆነ ዕድሜ አለው። ስፖንጅ ከሆነ ባይነካም ከጊዜ በኋላ ራሱ ይፈረፈራል፤ «ሳይነካ ተቀምጦ የኖረ» መባሉ አያድነውም። ሁለቱ ባሶች ይመሳሰላሉ? ካልተመሳሰሉ አንዱ ተቀይሯል። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያለው ሰው ካለ ኦሙን ይለካላችሁ፦ ባለ 8 ኦሙ ከ6 እስከ 7 ገደማ ያሳያል፤ ምንም ካላሳየ ተቃጥሏል።

6. ቀብድ አትላኩ፤ ሰው ላኩ

«ሌላ ሰው እየመጣ ነው፣ ቀብድ ላክ» የሚል ሁሉ ይቅርባችሁ። አዲስ አበባ የማይጠፋ ዘመድ ይኖራችኋል፤ ለእሱ የታክሲና የምሳ ሰጥታችሁ ላኩት። በብሉቱዝ ሳይሆን በገመድ፣ በራሱ ስልክ ግማሽ ሰዓት ያጫውተው። ሲሞቅ የሚጠፋ አምፕ በአምስት ደቂቃ አይታወቅም። ገንዘቡ በቴሌብር የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ማስታወቂያውንና የተጻጻፋችሁትን ስክሪንሾት አንሱ፤ የኔው ሻጭ በማግስቱ ጽሑፉን አጥፍቶት በእጄ የቀረ ነገር አልነበረም።

7. ማምጣትና መሰካት

አዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ ላይ ሲጫን ጣራ ላይ እንዳይወጣ ለረዳቱ አጥብቃችሁ ንገሩ። ከደብረ ሲና በላይ ባለው ተራራ፣ ጣርማ በር ላይ ጉምና ብርድ አለ። በተለይ ወደ ቆላው ሸዋ ሮቢት ለምትወስዱ፣ በርዶ የወረደ ብረት ሙቀት ሲያገኘው ውስጡ እንደ ጤዛ ውሃ ይቋጥራል። ወዲያው አትሰኩት፤ አንድ ሌሊት ይደር።

የመጀመሪያውን መሰካት እኔ በቀጥታ አላደርገውም። ከባድ ትራንስፎርመር ላለው አምፕ ጠጋኙ በመስመሩ መሃል 100 ዋት የድሮ ባለ ክር አምፖል በተከታታይ ያስገባልኛል። ቆጣቢውም ኤልኢዲውም ለዚህ አይሆኑም፤ የመብራት ሥራ የማታውቁ ከሆነም ለባለሙያ ስጡት። አምፖሉ ደምቆ በርቶ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፤ ወዲያው ንቀሉት፣ የሚቃጠል ነገር አይኖርም። ቦግ ብሎ ቀስ እያለ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ አምፖሉን አውጥታችሁ ስፒከሩን ማገናኘት ትችላላችሁ።