አርባውና ሰማንያው፦ ጡረታ ወጥተው በሁለት አገር ለሚኖሩ

እኔና ባለቤቴ ጡረታ የወጣነው በአንድ ዓመት ነው። እኔ ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ስነዳ ኖርኩ። እሷ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ወገቧ እስኪጎብጥ ሠራች። ዕቅዳችን ቀላል ነበር። የሐበሻን በጋ አዲስ አበባ፣ የፈረንጅን በጋ ቨርጂንያ። ከሁለቱም በጋ ልንበላ ማለት ነው።

መስከረም 2017 ሻንጣችንን ይዘን ከቨርጂንያው ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሣን። ታኅሣሥ 5 ሲያትል ያለችው ልጃችን ሴት ልጅ ወለደች። ጥር 14፣ ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ አማቴ ዐረፉ። እስቲ ቁጠሩት። የአማቴ አርባ የካቲት 23 ዋለ፤ የሕፃኗ ክርስትና በሰማንያ ቀኗ የካቲት 24። አንዱ ጉለሌ፣ ሌላው ሲያትል። ባለቤቴ ለአርባው ቀረች፤ እኔ ለሰማንያው በረርኩ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ትንሹ ልጃችን ተሞሸረ።

ሐዘኑንና ደስታውን ላውራችሁ ብዬ አይደለም የተነሣሁት። በመሃል ስላሯሯጠን ወረቀት ነው የማወራው። አብዛኛው ጣጣ አማቴ በሕይወት እያሉ፣ እኛም እዚያው አጠገባቸው ቡና እየጠጣን ሳለ በሁለት ቀን የሚያልቅ ነበር። «ነገ እንሄዳለን» ስንል ጥር ገባ።

ከውክልና ልጀምር። አማቴ ለባለቤቴ ታናሽ ወንድም ውክልና ከሰጡ ዓመታት አልፈዋል። ሰርቪስ ቤቶቹን ያከራያል፣ ከባንክ ያወጣል፣ ግብር ይከፍላል። ታማኝ ልጅ ነው፤ አንድ ብር አላጎደለም። ከሰልስቱ በኋላ ለወጪ የሚሆን ብር ሊያወጣ ውክልናውን ይዞ ባንክ ሄደ። ገንዘብ ከፋይዋ ጥቁር መልበሱን አየችና «ወካይዋ አሉ?» አለችው። መዋሸት አያውቅም። «ዐርፈዋል» አላት። ሒሳቡ እዚያው ታገደ። እየተናደደ መጣ። «ጋሼ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳወጣ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም!» አለኝ። ልጅቷ ግን ትክክል ነበረች። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውክልና ከወካዩ ጋር አብሮ ይሞታል። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ወረቀት የሚወጣ ብርም ሆነ የሚሸጥ ቤት መዘዝ ነው። «ማን ያውቃል» ብለው የሚሠሩ አሉ። ወንድምና እህት ፍርድ ቤት የሚካሰሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ የቀብሩን ወጪ ማን ቻለው? እድሩ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ በእጅ የሚሰጠው ብር፣ ሁሉም በዕለቱ መጣ። ልንገራችሁ፣ እኔ ከዲሲ ሆኜ «ይቺ የእድር መዋጮ ምን ታደርጋለች» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን አፍሬ ዝም ብያለሁ። የወላጆቻችሁ እድር እንዳይቋረጥ መዋጮውን የሚከፍል ሰው ይኑር። እናንተም ተመላልሳችሁ የምትኖሩ ከሆነ ተመዝገቡ።

ወደ ውክልናው ልመለስ፣ ነገሩ አላለቀም። የባለቤቴ ታላቅ እህት ጅዳ ናት። ወራሽነት ለማረጋገጥ ፍርድ ቤት ማመልከት ሲያስፈልግ «እኔማ ድሮ ለወንድሜ ውክልና ልኬያለሁ» አለች። ወረቀቱን አወጣነው። ጠቅላላ ውክልና ነው። ጠቅላላ ውክልና ሲባል ሁሉን የሚያሠራ ይመስላል፤ አይደለም። የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ነው። ኪራይ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ ንብረት መጠበቅ፣ እንዲህ ያለ። መሸጥ፣ ማስያዝ፣ መስጠት፣ ፍርድ ቤት ቆሞ መክሰስና መከሰስ፣ እርቅ መፈጸም በግልጽ መጻፍ አለባቸው። የእሷ ወረቀት ላይ «ፍርድ ቤት» የሚል ቃል የለም። እንደገና ጅዳ ቆንስላ መሄድ ነበረባት። የሰው ቤት የምትሠራ ሴት ናት፤ ፈቃድ እስክታገኝ ሦስት ሳምንት አለፈ። ሰነዱ በሰው እጅ እስኪመጣ ሌላ ሁለት ሳምንት።

ስለዚህ ውጭ ሆናችሁ ውክልና ስትሰጡ የሚሠራውን ሥራ በስሙ አስጽፉ። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርባችሁ ትፈርማላችሁ፤ ዋናው ሰነድ አዲስ አበባ ይላካል፤ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ፣ እኛ ዛሬም «ውልና ማስረጃ» የምንለው ቤት፣ ይመዘገባል። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ አይሠራም። ባልና ሚስት ከሆናችሁና ንብረቱ የጋራ ከሆነ ሁለታችሁም ፈርሙ። በቤተሰብ ሕጉ የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። እግራችሁ አዲስ አበባ ከረገጠ ደግሞ ይሄ ሁሉ ዙር አያስፈልግም፤ ውልና ማስረጃ ራሳችሁ ሄዳችሁ ጨርሱ። እግረ መንገዳችሁን የድሮውን ውክልና ሻሩ። ባለቤቴ ከሃያ ዓመት በፊት ለአንድ ዘመድ የሰጠችው ውክልና ሳይሻር ተገኘ። ሰውየው ክፉ አይደለም። ግን እኛም ረስተነው ነበር።

ሌላው ያደከመን ስም ነው። ባለቤቴ የአሜሪካ ዜግነት ስትወስድ በእኔ አያት ስም ተጠራች። ልጆቹ ትምህርት ቤት አንድ ስም እንዲኖራቸው ብለን ነው። የራሷ አባት ስም ከፓስፖርቷ ጠፋ። ዳኛው ፊት ስትቆም «የሟች ልጅ ነኝ» ትላለች፤ ፓስፖርቱ ግን የሌላ ሰው ልጅ ያስመስላታል። ያዳናት የድሮው የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የስም ለውጡ የተጻፈበት የዜግነት ምስክር ወረቀት ነው፤ ምስክሮችም ቀረቡላት። የድሮውን ፓስፖርት ጊዜው አልፏል ብላችሁ እንዳትጥሉት። የልደት ዘመንም እንደዚሁ ነው። ስደተኛ ሆነን ስንገባ የእኛን ዘመን በቀጥታ እንደ ፈረንጅ የተጻፈልን ብዙ ነን፤ በወረቀት በሰባት ስምንት ዓመት አርጅተናል። እኔ በዚህ ሰበብ ጡረታ ቶሎ ደረሰልኝ ብሎ የሚስቅ ጓደኛ አለኝ። ውርስ ላይ ግን አያስቅም፤ የሁለት አገር ወረቀት ሲለያይ ማስረዳቱ የእናንተ ሥራ ነው።

የአማቴን ሞት ወረዳው ወሳኝ ኩነት በ30 ቀን ውስጥ አስመዘገብን። ይህን አትዘንጉ። ያለ ሞት ምስክር ወረቀት ወራሽነቱ አይጀመርም። ለቀስተኛ ቤት ሞልቶ እያለ ስለ ወረቀት ማውራት ነውር ይመስላል። ከቤተሰቡ ረጋ ያለ አንድ ሰው ይመደብ፤ እሱ ቀስ ብሎ ይጨርሰው።

ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ የሌላችሁ፣ አውጡ። ኢትዮጵያ ሁለት ዜግነት አትፈቅድም። የውጭ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሕግ ፊት የውጭ ዜጋ ነው፤ ለውጭ ዜጋ ደግሞ የቤት ባለቤትነት ነገር ጠባብ ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 270 ትውልደ ኢትዮጵያውያንን ከዚህ አወጣቸው። ካርዱ ካለ ያለ ቪዛ ትገባላችሁ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ትሠራላችሁ፣ ቤት በስማችሁ ይሆናል። መምረጥና መመረጥ ግን የለም። ባለቤቴ ካርዱ ስለነበራት የእናቷ ቤት ድርሻ አላስቸገራትም። እኔ የእኔ ጊዜው አልፎበት ነበር። ዕድሌ ሆኖ ሟቿ አማቴ እንጂ እናቴ አልነበሩም። ይህን ስጽፍ ራሴን ታዘብኩት፤ ግን እውነቱ ነው።

ኮንዶሚኒየም አላችሁ? እኛ ሰሚት አለን፤ የሚያስተዳድርልን የእህቴ ልጅ ነው። ድሮ «እመነኝ አምንሃለሁ» ነበር ውሉ። ከአዋጅ 1320/2016 ወዲህ እንደዚያ አይቻልም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይሆናል፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ተመላልሰን ለምንኖረው ሰዎች የሚከብደው የሁለት ዓመቱ ነገር ነው። «ለስድስት ወር አከራይተን፣ ስንመጣ እንገባበታለን» የሚለው ቀረ። ስለዚህ ወይ ቤቱን ለራሳችሁ ዝግ አድርጉት፣ ወይ አከራዩትና ስትመጡ ዘመድ ጋ ወይም ገስት ሐውስ እረፉ። እኛ ሁለተኛውን መረጥን። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታኮርፋለች።

ስለ ገንዘብ ብዙ አላወራም። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ ነው የሚመነዘረው። ዶላሩን አንድ ጊዜ ቀይሮ ብር ይዞ መቀመጥ እኔ አላደርገውም፤ የወር የወሩን እቀይራለሁ። የአሜሪካ ሰው ከሆናችሁ ግን አንድ ነገር ያዙ። ውጭ አገር ያሉ ሒሳቦቻችሁ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ለአሜሪካ መንግሥት ማሳወቅ ግዴታ ነው። ግብር አይደለም፣ ማሳወቅ ብቻ ነው። አለማሳወቁ ግን ከባድ ቅጣት አለው። የውርስ ብር በስማችሁ አዲስ አበባ ባንክ ሲገባ ይሄ ይረሳል።

ስልክ! የአሜሪካ ቁጥራችሁን እንዳትዘጉ። ባንኩ ኮድ የሚልከው እዚያ ላይ ነው። እኔ ወጪ ለመቀነስ ብዬ ዘጋሁት። ጡረታዬ የሚገባበትን ሒሳብ ለመክፈት አንድ ወር ፈጀብኝ። ርካሹን ጥቅል ይዛችሁ በዋይፋይ መጠቀም ትችላላችሁ። አዲስ አበባ ደግሞ ፋይዳ፣ ዲጂታሉን ብሔራዊ መታወቂያ፣ ተመዝገቡ፤ ባንኩም ሌላውም ቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን እየሆነ ነው።

አሁን አሜሪካ በኩል ያለውን፤ ሌላ አገር ያላችሁ የየአገራችሁን ጠይቁ። ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት ጤና መድን፣ ከአሜሪካ ውጭ በአብዛኛው አይከፍልም። ለጉዞው ጊዜ ኢንሹራንስ ግዙ። «እዚያ አልጠቀምበትም» ብላችሁ ፓርት ቢን፣ የሐኪም ወጪ የሚሸፍነውን የሜዲኬር ክፍል፣ እንዳታቋርጡ፤ ስትመለሱ ለእያንዳንዱ ያለፈ ዓመት ክፍያው 10 በመቶ እየጨመረ ዕድሜ ልክ ይከተላችኋል። መድኃኒታችሁን ከነብልቃጡ ያዙ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ልብ ወይም ሳንባ የሚያስቸግራችሁ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትነሡ።

ሠርታችሁ ያገኛችሁትን የሶሻል ሴኪዩሪቲ ጡረታ፣ ዜጋ ከሆናችሁ፣ አዲስ አበባም ሆናችሁ ታገኙታላችሁ። ኤስኤስአይ፣ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች መንግሥት የሚሰጠው ድጎማ፣ ግን ሌላ ነው። ልጆቻቸው ያስመጧቸው ብዙ እናቶችና አባቶች የሚኖሩት በእሱ ነው። 30 ቀን በተከታታይ ከአሜሪካ ውጭ ከቆዩ ይቋረጣል፤ ተመልሰው 30 ቀን እስኪቀመጡ አይጀምርም። «ለፋሲካ ደርሼ ልምጣ» ብለው ክረምቱን ከርመው፣ ሲመለሱ የሚደነግጡ እናቶች አውቃለሁ። ዝም ብለው መቀበላቸውም አያዋጣም፤ በኋላ መልሱ ይባላሉ። ግሪን ካርድ የያዙትም ከስድስት ወር ካለፉ ጥያቄ ይነሣባቸዋል፤ ዓመት ከሞላ ደግሞ ካርዱ ብቻውን አያስገባም። የመመለሻ ፈቃድ ማመልከቻው የሚገባው ከመሄድ በፊት፣ አሜሪካ እያሉ ነው።

በመጨረሻ ኑዛዜ። ከአርባው በኋላ ባለቤቴ ደውላ «እኛስ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ሐምሌ ሠርጉ አልቆ ቤቱ ጭር ሲል ተቀመጥንበት። እኔ አንድ ወረቀት ላይ «እኛ ባልና ሚስት» ብዬ ጀመርኩ። አንድ የሕግ ሰው ዘመዳችን ስልክ ላይ ነበርና «ጋሼ፣ ቅደዱት» አለኝ። በኢትዮጵያ ሕግ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰነድ የሚያደርጉት ኑዛዜ ፈራሽ ነው። ባልና ሚስትም ቢሆኑ፣ ሃምሳ ዓመት አብረው ቢኖሩም። እያንዳንዱ ለብቻው ይጻፍ። በምስክር ፊት የሚደረገው አራት ምስክሮች ይፈልጋል፤ ተጽፎ በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት ይነበባል፣ ወዲያው ይፈረማል። በራስ እጅ የሚጻፈው ምስክር አይፈልግም። ግን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በራስ እጅ ይጻፋል፣ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ ይነገርበታል። በሰባት ዓመት ውስጥ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ደግሞ ዋጋ ያጣል። ሳጥን ሥር ያለ የአባታችሁ ኑዛዜ ካለ ቀኑን እዩት።

ወረቀቱን ቀደድኩና ሁለት አዲስ ወረቀት አመጣሁ። እሷ ወጥ ቤት፣ እኔ ሳሎን ተቀመጥን። እኔ በግማሽ ሰዓት ጨረስኩ። እሷ ሦስት ቀን ፈጀባት። ምን እንደጻፈች ብጠይቃት «መስከረም ስንሄድ ውልና ማስረጃ ታገኘዋለህ» ብላ ፖስታውን አሸገችው።