ነፃ ወይስ የሚከፈልበት? የቢሮ ሶፍትዌር ስናወዳድር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደብረ ማርቆስም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ በሞጣም ሆነ በቡሬ ኮምፒውተር የሚገዛ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ የሚጠይቀው «ኦፊስ አለው ወይ?» ብሎ ነው። የትኛው ኦፊስ፣ በምን ፈቃድ፣ በስንት ብር የሚለው ጥያቄ እምብዛም አይነሳም። ነፃ የሆነው የቢሮ ሶፍትዌር የሊብረኦፊስ ስም ሲጠራ ደግሞ «እሱማ ፋይል ያበላሻል» ይባልና ነገሩ እዚያው ያበቃል። ይህ ችኩል ፍርድ ያንገበግበኛል፤ ዕዳው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በትምህርት ቤቱ፣ በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበሩና በተማሪው ላይ ነውና። ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

1. ያልተገዛውን እንደ ተገዛ መቁጠር

በአካባቢያችን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ያለው ማይክሮሶፍት ኦፊስ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ክራክ፣ ማለትም የፈቃድ ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራ ቅጂ ነው። ስለዚህ ሰው «ሁለቱም ካላስከፈሉኝ የለመድኩት ይሻለኛል» ይላል። ንጽጽሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ክራክ ለመጫን ብዙውን ጊዜ አንቲቫይረስ መዝጋት ያስፈልጋል፤ ይህም ማን እንደ ሠራው የማይታወቅ ፕሮግራም ሙሉ ሥልጣን ይዞ ይግባ ማለት ነው። የሠራተኛ ደመወዝና የተማሪ ውጤት የተከማቸበትን ኮምፒውተር እንዲህ ማጋለጥ አይገባም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ቆጥሮታል።

እውነተኛውን ዋጋ እናስላ። ለንግድና ለቢሮ ሥራ የሚሸጠው ኦፊስ ሆም ኤንድ ቢዝነስ 2024 ለአንድ ኮምፒውተር ሲወጣ ዋጋው 249.99 ዶላር ነበር። አሥር ኮምፒውተር ያለው መሥሪያ ቤት ወደ 2,500 ዶላር ያወጣል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በ100 ብር እንኳ ቢታሰብ ሩብ ሚሊዮን ብር ይሆናል። ክፍያውን በውጭ ምንዛሪ መፈጸሙ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ሊብረኦፊስ ግን ለአሥሩም ኮምፒውተር የፈቃድ ክፍያ የለውም፤ በፍላሽ ማባዛትም በፈቃዱ የተፈቀደ ነው።

2. ነፃ የተባለውን ሁሉ አንድ ማድረግ

ሌላውን ነፃ የቢሮ ፕሮግራም ኦፕንኦፊስን ሞክሮ የተማረረ ሰው ሊብረኦፊስንም አብሮ ይኮንናል። ሁለቱ ከአንድ ግንድ የወጡ ቢሆኑም መንገዳቸው ከተለያየ ቆይቷል። ኦራክል የተባለው ኩባንያ የኦፕንኦፊስን ባለቤት ሰንን በእ.ኤ.አ. 2010 ከገዛ በኋላ በርካታ የኦፕንኦፊስ ባለሙያዎች ወጥተው በዚያው ዓመት ሊብረኦፊስን መሠረቱ። ዛሬ በንቃት የሚሻሻለው እሱ ነው። ኦፕንኦፊስ የወርድን ዶክኤክስ ፋይል ይከፍታል እንጂ በዚያው ዓይነት መልሶ አያስቀምጥም። ደብሊው ፒ ኤስ የተባለው የቢሮ ፕሮግራም ደግሞ በነፃ ቢገኝም የኩባንያ ንብረት ነው፤ ነፃው ቅጂ ማስታወቂያ ያሳያል። «ነፃውን ሞከርኩት» ስንል የትኛውን እንደ ሆነ ለይተን እንናገር።

3. ኢንተርኔት ሁልጊዜ እንዳለ አድርጎ ማሰብ

ይህ ጎጃም ላለ ሰው የዋጋውን ያህል ይከብዳል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን። ወርድንና ኤክሴልን የያዘው ማይክሮሶፍት 365 በደንበኝነት ክፍያ የሚሠራ ስለሆነ ቢያንስ በየ30 ቀኑ ኢንተርኔት አግኝቶ ፈቃዱን ማረጋገጥ አለበት፤ ካላገኘ ፋይል ማየትና ማተም ይፈቅዳል እንጂ መጻፍና ማረም ይከለክላል። ገንዘቡን በሐቅ የከፈለ መሥሪያ ቤት በኔትወርክ ምክንያት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል ማለት ነው። ጎግል ዶክስና በድረ ገጽ ላይ ያለው ነፃ ወርድም ዋናው ሥራቸው በኢንተርኔት ነው። ከሚከፈልባቸው መካከል መግዛት ግድ ከሆነ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት በኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጠውን መምረጥ ይበጃል። ሊብረኦፊስ በዊንዶውስ ሲወርድ 350 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ላይ ቢወርድ ለመላው ወረዳ ይበቃል።

4. የፎንትን ጥፋት በፕሮግራሙ ማሳበብ

«ፋይል ያበላሻል» የሚለው ክስ ሲመረመር አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ፎንቱ (የፊደሉ ቅርጽ) ነው። ነገሩ ሁለት መልክ አለው።

አንደኛው በአሮጌ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ነው። ግዕዝ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ወደሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ወደ ዩኒኮድ የገባው በእ.ኤ.አ. 1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በልማድም ከዚያ በኋላ፣ የተጻፈው ብዙ ሰነድ የአማርኛን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የሚያስቀምጥ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ፎንቱ ከሌለ በወርድም ውስጥ ያው ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን መቀየር ያልበላን ማከክ ይሆናል። መፍትሔው ሰነዱን በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ማዞርና ከዚህ በኋላ በዩኒኮድ ብቻ መጻፍ ነው። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤልና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ያለ ክፍያ የሚገኙ ጥሩ ፎንቶች ናቸው።

ሁለተኛው የገጽ መንሸራተት ነው። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን በወርድ ጽፎ ጽሑፍ ቤት ሲያስከፍተው ማውጫው ከገጹ ጋር አይገጥምም፤ ሠንጠረዡ ከሁለት ይከፈላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ካሊብሪ ወይም ካምብሪያ የተባለው የወርድ ፎንት በዚያ ኮምፒውተር ላይ አለመኖሩ ነው። ከሊብረኦፊስ ጋር የሚመጡት ካርሊቶና ካላዲያ የፊደል ስፋታቸው ከእነዚህ ጋር እንዲገጥም ሆኖ የተሠራ ነው፤ ሊበሬሽን ሰሪፍም ለታይምስ ኒው ሮማን እንዲሁ። ለሚታተም ነገር ግን ከሁሉ የሚሻለው በፒዲኤፍ አስቀምጦ መላክ ነው፤ እባካችሁ ተማሪዎች ይህን አትዘንጉ።

5. በማንጠቀምበት ነገር ማወዳደር

ኤክሴል 1,048,576 ረድፍ አለው፤ የሊብረኦፊሱ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ካልክም ያንኑ ያህል አለው። የቀበሌ መዝገብ ከዚህ ምኑንም አይነካም። እኛን በየቀኑ የሚያስቸግረን የራሳችን ዘመን አቆጣጠር ነው፤ በዚህ ደግሞ ሁለቱም ይወድቃሉ። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ ከተስተካከለ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ለማለት 5/13/2016 ብሎ የጻፈ ሒሳብ ሠራተኛ የፈረንጆቹን ሜይ 13 አስመዝግቧል። ማንም አያስጠነቅቀውም። የቀን ልዩነት ሲያሰላ ውጤቱ የተሳሳተ ይሆናል። ቀንን፣ ወርንና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች መጻፍ በየትኛውም ፕሮግራም የሚያድን ዘዴ ነው።

6. ሁሉንም ሠራተኛ በአንድ መስፈሪያ መለካት

ለነፃው ሶፍትዌር የምንቆረቆር ሰዎችም እዚህ ላይ እናጠፋለን። በኤክሴል ማክሮ (ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ በሚሠራ ትእዛዝ)፣ በፓወር ኩዌሪ (መረጃ ሰብስቦ በሚያዘጋጀው የኤክሴል መሣሪያ) ወይም በአክሰስ (በማይክሮሶፍት የመረጃ ቋት ፕሮግራም) የተገነባ የሒሳብ ሥራ ያለው ቢሮ «ካልክ ይበቃሃል» ሊባል አይገባም። የኤክሴል ማክሮዎች በካልክ የሚሠሩት በከፊል ነው፤ ብዙ መረጃ የሚተነትነው የኤክሴል መሣሪያ ፓወር ፒቮትም በካልክ የለም። እንዲህ ላለው ሥራ አንድ ወይም ሁለት ኮምፒውተር ላይ ሕጋዊ ኦፊስ መግዛት ትክክለኛ ወጪ ነው። ደብዳቤ ለሚጽፈው፣ የፈተና ጥያቄ ለሚያዘጋጀው መምህርና የዕቃ ዝርዝር ለሚይዘው ግን የሊብረኦፊስ የጽሑፍ ፕሮግራም ራይተርና ካልክ ከበቂ በላይ ናቸው። ምናሌያቸውን በአማርኛ ማድረግም ይቻላል።

7. በሌላ ሰው ፋይል መሞከር

ከኢንተርኔት የወረደ ናሙና ምንም አይነግርም። የዘንድሮውን የደመወዝ መክፈያ፣ የተማሪዎች ውጤት ማጠቃለያ፣ ማኅተም የሚያርፍበትን ደብዳቤና አንድ ረጅም ሪፖርት ቅጂያቸውን ወስዳችሁ በሊብረኦፊስ ክፈቱ። አርሙ፣ በዶክኤክስና በኤክሴል ዓይነት መልሳችሁ አስቀምጡ፣ ከዚያም ወርድና ኤክሴል ባለበት ኮምፒውተር ከፍታችሁ ድምሩንና ገጹን አመሳክሩ፤ አትሙትም። የተበላሸውን በዝርዝር ጻፉ፤ ከፎንት ነው፣ ከማክሮ ነው ወይስ ከሠንጠረዥ? ግዢ ኮሚቴው ፊት መቅረብ ያለበት ያ ዝርዝር ነው።