ጠዋት አልነሳም የሚል ኮምፒውተር፦ የፓወር ሳፕላይ ችግርና መፍትሄ

ገመዱን አይታችኋል። ሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ እንደሚሠራ አረጋግጣችኋል። ከኋላ ያለችው ማብሪያም በርታለች። ይህን ያላደረገ ይጨርስና ይመለስ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አስቀድሜ ልናገር። ፓወር ሳፕላይ (የሶኬቱን መብራት ለኮምፒውተሩ የሚቀይረው ሳጥን) ከሶኬት ተነቅሎም ይነዝራል። 220 ቮልቱ ውስጥ ገብቶ ወደ ዲሲ ሲቀየር 310 ገደማ ይሆናል። አክቲቭ ፒኤፍሲ (የኃይል አሳሳቡን የሚያስተካክል ክፍል) ያለው ከሆነ ወደ 390 ይጠጋል። ትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ይህን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሁለት እግሮቹን በካቻቢቴ አገናኝቶ "ጧ!" ማስባል ጉብዝና አይደለም፤ ካፓሲተሩንም ቦርዱንም ይጎዳል። 2 ኪሎ ኦም ገደማ፣ 10 ዋት የሆነ ሬዚስተር እግሮቹን በናስትሮ ጠቅልላችሁ፣ ጫፋቸውን ብቻ ከካፓሲተሩ ሁለት እግሮች ጋር አገናኙት። ከዚያ ለኩ። ቴስተሩ ከ10 ቮልት በታች ሳያሳይ እጅ አይግባ።

ትናንት ማታ ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ጭጭ

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት እስከ ሂሳብ ክፍል፣ ከሁሉም በላይ የሚመጣልኝ ይሄ ነው። ማታ ዲቫይደሩ ጠፍቷል፣ ወይም ሌሊት መብራት ሄዶ ነበር። ጠዋት ቁልፉ ሲጫን ምንም የለም። አንዳንዴ ፋኑ ትንሽ ነቅነቅ ብሎ ይቆማል። ተሰክቶ አንድ ሰዓት ከቆየ ግን ምንም እንዳልሆነ ይነሳል።

አንዲት የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ጠዋት ጠዋት በፀጉር ማድረቂያ ታሞቀው ነበር። "ብርድ አይወድም" አለችኝ። የሰፈሩ ጠጋኝ ማዘርቦርዱ ሞቷል ብሏት፣ አዲስ ልትገዛ ብር እያጠራቀመች ነበር። ስለ ብርዱ እሷ ልክ ነበረች። ስለ ማዘርቦርዱ ጠጋኙ ልክ አልነበረም።

ኮምፒውተሩ ጠፍቶም እስከተሰካ ድረስ የፓወር ሳፕላዩ አንድ ትንሽ ክፍል ይሠራል። ስታንድባይ ይባላል። 5 ቮልት ይሰጣል፤ የሚወጣውም በሐምራዊዋ ሽቦ፣ በ24ቱ እግር ሶኬት ላይ 9ኛው ላይ ነው። የፊት ቁልፉን ስትጫኑ ማዘርቦርዱ የሚሰማችሁ በዚህች 5 ቮልት ነው። ሌላው ክፍል ሲያርፍ ይህ ክፍል ሌት ተቀን አያርፍም። ውስጡ ከ10 እስከ 47 ማይክሮፋራድ የሆነች ትንሽ ካፓሲተር አለች። ብዙ ጊዜ ከሚግል ሬዚስተር ወይም ከሂትሲንክ (ሙቀት ከሚያስወጣው ብረት) አጠገብ ነው የሚያስቀምጧት። ለምን እንደሆነ ዲዛይን ያደረገው ይወቀው። እዚያ ቁጭ ብላ ትደርቃለች።

የደረቀች ካፓሲተር በብርድ ይብስባታል። የአዲስ አበባን ጠዋት ደግሞ ታውቁታላችሁ። አንዴ ከተነሳች ግን መሥራቷን ትቀጥላለች፤ የምትወድቀው ከዜሮ ስትነሳ ነው። ስለዚህ መብራት ካልጠፋ ችግሩ ለወራት ተደብቆ ይቆያል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ይጋለጣል። ባለቤቱም "መብራት ሲመጣ መታው" ይላል። የሚመታበት ጊዜ አለ፣ እመጣበታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዕቃው ድሮውኑ ደክሟል።

ለመለየት ፓወር ሳፕላዩን መክፈት አያስፈልግም። ሰክታችሁ፣ ኮምፒውተሩን ሳታስነሱ፣ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ጥቁር ሽቦ ላይ፣ ቀዩን ሐምራዊዋ ላይ አድርጉ። ከ4.75 እስከ 5.25 ከሆነ ደህና ነው። 3 ላይ እየዘለለ ከሆነ ወይም ዜሮ ከሆነ ጥፋተኛውን አገኛችሁት። ደህና ከሆነ ከማዘርቦርዱ ነቅላችሁ አረንጓዴዋን ከጥቁር ጋር አገናኙ። ፋኑ ይዞራል። ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩ እንደ ሐምራዊው፣ ብርቱካናማው ከ3.14 እስከ 3.47 መሆን አለበት። ባዶውን አትለኩት፤ አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ስኩበት። ያለ ጭነት የሚዋሹ ብዙ ናቸው።

ሐምራዊው ከ5.25 በላይ ካሳየ ወዲያው ንቀሉ። ይህን ቀልድ አታድርጉት። በአሮጌና በርካሽ ፓወር ሳፕላዮች ስታንድባዩ በሁለት ትራንዚስተር ብቻ የተሠራ ነው፤ የሚቆጣጠረው አይሲ የለም። እዚያ ላይ ያቺ ትንሽ ካፓሲተር ስትደርቅ ቮልቴጁ በመውረድ ፈንታ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተኝቷል ስትሉ ማዘርቦርዱን ይበላዋል። ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ማዘርቦርድ ቀየሩ፤ ተቃጠለ። ሌላ ቀየሩ፤ እሱም ተቃጠለ። የሂሳብ ሹሙ ትልቅ ሰው ናቸው። "ልጄ፣ ይሄንን ነገር ቡዳ ሳይበላው አልቀረም" አሉኝ። ሐምራዊዋን ስለካ ከ7 በላይ። ከማኪያቶ የምትረክስ ካፓሲተር ናት ያን ሁሉ ያስወጣቻቸው። ከዚያ ሁሉ ቀያሪ አንድም ሰው አልለካም፤ ይሄ ነው የሚያናድደው።

መፍትሄው፦ የስታንድባዩን ትንንሽ ካፓሲተሮች አንድ ላይ ቀይሩ። አንዷን ቀይሮ ሌላዋን መተው ደንበኛውን መልሶ መጥራት ነው። ሐምራዊዋ ሽቦ ከቦርዱ የምትነሳበት ቦታ ያሉትን ትልልቆቹንም (ብዙ ጊዜ 1000 ማይክሮፋራድ፣ 10 ቮልት) ጨምሩ። ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን። ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን። 105 ዲግሪ የተጻፈበት፣ ዝቅተኛ ኢኤስአር (የውስጥ መቋቋም) ያለው ግዙ። 85 ዲግሪውን ለሬዲዮ ተዉት። ነጭ መስመር ያለበት ጎን ኔጌቲቭ ነው፤ ቦርዱ ላይ ያለው ምልክት ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። አሮጌውን ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። ተገልብጦ የተበየደ ካፓሲተር ፊት ላይ ነው የሚፈነዳው።

ስለ ካፓሲተር ግዢ ደግሞ፦ ከሱቅ ስትወስዱ እዚያው አስለኩ። 1000 ተጽፎበት 400 የሚለካ በእጄ አይቻለሁ። ከተጣለ ቦርድ የተነቀለ "ኦሪጅናል ነው" ብለው ይሸጡላችኋል። ይሁን፣ ኦሪጅናል ነው፤ እሱም ግን ደርቋል።

ጭጭ ብሏል፣ ፊውዙም ጠቁሯል

የፊውዙ መስታወት ከውስጥ ከጠቆረ ወይም እንደ ብር ካብለጨለጨ ውስጥ ሾርት አለ ማለት ነው። ፊውዝ ብቻ ቀይሮ መሰካት ሁለተኛ ፍንዳታ ነው። ቫሪስተሩን እዩ፤ ከፊውዙ አጠገብ ያለ፣ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ዕቃ ነው። የተሰነጠቀ ወይም የጠቆረ ከሆነ ይቀየር። 14ዲ471 የሚለው ለእኛ 220 ይሆናል። ቀጥሎ አራቱን የብሪጅ ዳዮዶች (የሶኬቱን መብራት ወደ ዲሲ የሚቀይሩትን)፣ ከዚያ ሂትሲንኩ ላይ ያሉትን ትልልቅ ትራንዚስተሮች ለኩ። ሾርት የሆነ ትራንዚስተር ከተገኘ አጠገቡ ያሉት ትንንሽ ሬዚስተሮችም አብረው ሄደው ሊሆን ይችላል።

ከጥገና በኋላ በቀጥታ አትሰኩ። 100 ዋት የድሮ አምፖል በፌዙ (መብራቱን በሚያመጣው ሽቦ) ላይ በተከታታይ አስገቡ። ኤልኢዲ አይሠራም፣ የሚግለው ዓይነት ነው የሚፈለገው። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ሾርቱ ተወግዷል። ደምቆ ከቀረ ሾርቱ አሁንም አለ፤ ቢያንስ ፊውዝ አልከሰራችሁም።

በመዳብ ክር የተጠቀለለ ፊውዝ ያለበት ፓወር ሳፕላይ ሲመጣልኝ ጥገናውን አልጀምረውም። ክሩ አልቀለጠም፤ በሱ ፈንታ የቦርዱ መስመር ተቃጥሎ ተነስቷል። ይህን የሚያደርግ ሰው ቤት ማቃጠል እንደሚችል ይወቅ።

ኬዙ ይነዝረኛል

ይህ ብልሽት አይደለም፤ የመሬት ሽቦ አለመኖር ነው። በፓወር ሳፕላዩ መግቢያ ላይ ኬዙን ከፌዝና ከኒውትራል ጋር የሚያገናኙ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። የመሬት ሽቦ ከሌለ ኬዙ 110 ቮልት ገደማ ላይ ይንሳፈፋል። ጅረቱ ትንሽ ነው፤ ግን ፍላሽም ፕሪንተርም ሲሰካ ፖርት ሊያበላሽ ይችላል። መፍትሄው በኤሌክትሪሺያን በአግባቡ የተቀበረ የመሬት መስመር ነው። ኬዙን ከኒውትራል ጋር አታስሩ። ኒውትራሉ የተቆረጠ ቀን ኬዙ ሙሉ 220 ይሆናል፣ የሚነካውም ሰው ይሞታል። ከውሃ ቧንቧ ጋርም አታስሩ፤ ጎረቤት ገላውን ይታጠባል።

አልፎ አልፎ የሚመጡ

ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ከኋላ ያለችው ቀይ ማብሪያ 115 ላይ ከሆነች እዚህ ስትሰኩት ይፈነዳል፤ መጀመሪያ ወደ 230 ገልብጡ። ሥራ ሲበዛበት ራሱን የሚያጠፋ ከሆነ አቧራውን አራግፉ፣ ፋኑን እዩ፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፣ ቅዝቃዜውን አትመኑት። ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ ሲዞር ኮምፒውተሩ የሚጠፋ ከሆነ ርካሽ ዩፒኤስና አክቲቭ ፒኤፍሲ አልተስማሙ ይሆናል።

ከመብራቱ ለመከላከል

በእውነት የሚመታው መቼ ነው? በክረምት መብረቅ፣ መብራት ሲመለስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኒውትራል ሲላላ። ሕንፃችሁ ሦስት ፌዝ ከሆነ በማናቸውም ሁለት ፌዞች መካከል ያለው 380 ቮልት ነው። ኒውትራሉ ሲላቀቅ ብዙ ዕቃ ያልተሰካበት ክፍል 300 እና ከዚያ በላይ ያገኛል። አምፖሎች አንድ ክፍል ውስጥ ሲደምቁ ሌላው ውስጥ ከደበዘዙ ምልክቱ ይሄ ነው። ሁሉንም ንቀሉ፣ ዋናውን ብሬከር አውርዱ፣ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

እዚህ ላይ ሰርጅ የተጻፈበት ዲቫይደር አያድናችሁም። ቫሪስተር የሚጠቅመው ለቅጽበት ግፊት ነው። ለደቂቃዎች የሚቆይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲመጣ ወይ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል ወይ ራሱ ይቃጠላል። ብዙዎቹን ደግሞ ብትከፍቷቸው ቫሪስተርም የላቸው፤ ቀይ መብራትና ሦስት የብረት ስትሪፕ ነው ያለው።

ለኮምፒውተርም የሚያዋጣው ለፍሪጅ የሚሸጠው ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ነው፤ ሲበዛም ሲያንስም ይቆርጣል፣ መብራት ሲመለስ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል። ከሱ ቀጥሎ ዩፒኤስ፣ ከዚያ ኮምፒውተር። ስታብላይዘር ብቻውን አይበቃም፤ ርካሹ ሪሌ እስኪቀያይር ግፊቱ አልፎ ሄዷል። ጄኔሬተር ባለበት ሕንፃ ደግሞ ሲነሳና ሲቀየር ያለውን ቮልቴጅ አንዴ ለክታችሁ እዩት።

ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ አይሰካም። ማሞቂያው የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ያጠፋዋል፣ ኮምፒውተሩንም ይዞ። ፎቶ ኮፒውም እንደዚያው፤ ለብቻው ሶኬት ይሰጠው።