አንቲባዮቲኩን የለመደው ማነው?

በመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ 14 ዓመት ቆሜያለሁ። በየሳምንቱ የምሰማው አንድ ቃል አለ፦ «ሰውነቴ ይሄን መድኃኒት ለምዶታል፣ ጠንከር ያለ ስጪኝ።» በቅርቡ አንዲት እናት ለልጇ ሳል መድኃኒት ፈልጋ መጣች። ከቦርሳዋ ከራሷ የተረፈ 6 ፍሬ አሞክሳሲሊን አወጣች። «እህቴ፣ ይሄ እኔን ተላምዶኛል፤ ለልጁ ሌላ አይሻልም?» አለችኝ።

የለመደው የእሷ ሰውነት አይደለም። አንቲባዮቲክ ጉዳዩ ከባክቴሪያ ጋር ነው። አብዛኛው ባክቴሪያ ዙሪያውን ጠንካራ ግድግዳ አለው፤ የእኛ ሕዋስ የለውም። ባክቴሪያው ሲያድግ ይህን ግድግዳ ያለማቋረጥ ይገነባል፣ ይጠግናል። አሞክሳሲሊን ግንባታውን የሚሠራውን ኢንዛይም ይይዝበታል። ግድግዳው ይሳሳል፣ ውኃ ይገባል፣ ባክቴሪያው ይፈነዳል። ዶክሲሳይክሊንና አዚትሮማይሲን የሚባሉት አንቲባዮቲኮች ደግሞ ፕሮቲን የሚያመርትበትን ክፍል ያግዱበታል። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ግድግዳም የለው፣ የራሱ የፕሮቲን ማምረቻም የለው። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚይዘው ነገር ያጣል።

«መላመድ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። አንድ ባክቴሪያ መድኃኒቱን እየቀመሰ ቀስ በቀስ አይለምደውም። አንዳንዶቹ ሲመቻቸው በ20 ደቂቃ አንዴ ለሁለት ይከፈላሉ። በዚያ ጥድፊያ ዘረመላቸውን ሲገለብጡ ይሳሳታሉ። ከብዙ ሚሊዮኖች አንዱ ስህተቱ ይጠቅመዋል፦ መድኃኒቱን የሚተፋ ፓምፕ ይበረታለታል፣ ወይም መድኃኒቱ የሚይዘው ቦታ ቅርጹ ይቀየራል። ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም ያላቸውም አሉ፤ ይህ ኢንዛይም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው፣ ፔኒሲሊን ገና በሰፊው ሳይሰራጭ። መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲገድል ሜዳው ለተረፈው ይለቀቅለታል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ዘረመሉን ለጎረቤቱ ማቀበል መቻሉ ነው፣ ዘሩ ላልሆነ ባክቴሪያ እንኳ። አንጀታችን ውስጥ በሰላም የሚኖሩትም በእያንዳንዱ ፍሬ ይመታሉ፤ ከእነሱ መካከል የተረፈው ለበሽታ አምጪው ሊያቀብል ይችላል። ሳያስፈልግ የተዋጠ አንቲባዮቲክ የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ሐኪሙን «ባክቴሪያ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ንፍጥ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ቀለሙ የሚመጣው ከራሳችን ነጭ የደም ሕዋሳት ነው።

ከታዘዘላችሁ ሰዓቱን ጠብቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «በቀን 3 ጊዜ» ሲባል ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ማለት ይመስለዋል። አሞክሳሲሊን ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው ደም ውስጥ በ1 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። የሚሠራው ደግሞ መጠኑ ከተወሰነ ደረጃ በላይ እስካለ ድረስ ነው። በየ8 ሰዓቱ ከታዘዘ ጠዋት 12፣ ከቀኑ 8፣ ማታ 4 ሰዓት ብላችሁ ስልካችሁ ላይ ሙሉት። ከረሳችሁ እንዳስታወሳችሁ ውሰዱ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን የረሳችሁትን ዝለሉት። ሁለት ፍሬ ባንዴ አትዋጡ።

ዶክሲሳይክሊንን ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲንን ከወተት፣ ከጨጓራ ማስታገሻ ወይም ከአይረን ጋር አንድ ላይ አትውሰዱ። ሆድ ውስጥ ተጣብቀው መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋሉ። ስንት ሰዓት ማራራቅ እንዳለባችሁ መስኮቱ ላይ ጠይቁን፤ አንሰለችም። የልጆች ሽሮፕ ከሆነ በየጊዜው በደንብ ነቅንቁት፣ አብሮት በመጣው መለኪያም ስጡ። የወጥ ቤት ማንኪያ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ነው።

በ3ኛው ቀን ስለተሻላችሁ በራሳችሁ አታቁሙ። በራሳችሁም አታራዝሙ። ለአንዳንድ ሕመሞች አጭር ቀን እንደሚበቃ ታውቋል፤ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው። ሰውነታችሁ ሽፍ ካለ ወይም ፊታችሁ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ግን ቀጣዩን ፍሬ ሳትውጡ ወዲያው ወደ ሕክምና ሂዱ።

የተረፈ ካለ ለጎረቤት አትስጡ፣ ለሚቀጥለው ሕመምም አታስቀምጡ። ወደ መድኃኒት ቤት መልሱት። ያቺ እናት ልጇን ለሐኪም አሳየችው፤ ቫይረስ ነው ተባለች። በማግስቱ ተመልሳ 6ቱን ፍሬ መስኮቴ ላይ አስቀመጠችልኝ።