ከድሮ የወንጀል ዜና ዘመድ መፈለግ

የቅድመ አያታችሁን ስም አንድ የድሮ ጋዜጣ የወንጀል ዓምድ ላይ አገኛችሁት እንበል። ሰርቆ ይሁን ተሰርቆበት፣ መጀመሪያ ዓይን የሚሄደው ወደ ወንጀሉ ነው። ያለ ነገር ነው። ዘመድ ለሚፈልግ ሰው ግን ዋናው ነገር በዙሪያው የተጠቀሱት ሰዎች ናቸው፤ ማን መሰከረ፣ ማን ዋስ ሆነ፣ ተከሳሹ ማን ቤት አድሮ ተያዘ። የሠርግ ማስታወቂያ ቤተሰቡ ራሱ እንዲነገርለት የሚፈልገውን ብቻ ይነግራችኋል። የወንጀል ዜና ግን ማንም ሳይዘጋጅ ከቤት ያለውን ሁሉ አደባባይ ያወጣዋል፤ ለዚህ ነው እኔ ከማስታወቂያው ይልቅ እሱን የምመርጠው።

መጀመሪያ ገጹን በሙሉ አውርዱ ወይም ፎቶ አንሱ። ዜናዋን ብቻ ቆርጣችሁ ካስቀመጣችሁ የጋዜጣው ስም፣ ቀኑና ገጹ ይጠፋባችኋል፣ በኋላ ደግሞ መልሶ ማግኘት መከራ ነው። ከዚያ ዜናው ውስጥ ያለውን ሰው አንድም ሳትተዉ በሰንጠረዥ አስፍሩ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ አድራሻ፣ በጉዳዩ ውስጥ የነበረው ድርሻ። ዳኛውም ይግባ። ዳኛው ወደ ፍርድ ቤቱ ይመራችኋል፣ ፍርድ ቤቱ ደግሞ መዝገቡ የት እንደሚፈለግ ይጠቁማል።

ቀን ላይ ንቁ። «ባለፈው ማክሰኞ» የሚል ካያችሁ ጋዜጣው ከታተመበት ቀን ወደ ኋላ ትቆጥራላችሁ፤ ግን ያኔ ጋዜጦች አንዱ ከሌላው ዜና ቃል በቃል ይገለብጡ ስለነበር፣ የሁለት ሳምንት ዜና «ባለፈው ማክሰኞ» እንዳለ ሌላ ከተማ ሊታተም ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ያወጣውን ጋዜጣ እስክታገኙ ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ጉዳዩ የተፈጸመበት አካባቢ ጋዜጣ ነው፤ ዝርዝሩም እዚያ ይበዛል፣ ሌሎቹ ሲገለብጡ ያሳጥሩታልና።

በአንድ ዜና ብቻም አታቁሙ። ሰውየው ሲያዝ አንድ ዜና ይወጣል፣ መጀመሪያ ችሎት ሲቀርብ ሌላ፣ ሲፈረድበት ሌላ። የመጀመሪያው በጥድፊያ የተጻፈ ነው፤ ስም ይሳሳታል፣ ዕድሜ ይሳሳታል፣ አማች «ወንድም» ይባላል። ደግሞ መታሰሩ በትልቁ ተጽፎ ነጻ መውጣቱ ጥግ ላይ በሁለት መስመር ሊቀር ይችላል። ቢያንስ የሚቀጥሉትን ጥቂት ወራት አገላብጡ፣ አለዚያ ንጹሕ ሰው በቤተሰብ ታሪካችሁ ውስጥ ሌባ ሆኖ ይኖራል።

የት ይፈለጋል? ኢንተርኔት ላይ ነጻ የሆኑ ጥሩ ጥሩ የድሮ ጋዜጣ ክምችቶች አሉ። የአውስትራሊያው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ትሮቭ፣ የኒውዚላንዱ ፔፐርስ ፓስት፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ክሮኒክሊንግ አሜሪካ። ለለንደን ደግሞ ኦልድ ቤይሊ ኦንላይን አለ፤ እሱ ጋዜጣ ሳይሆን ከ1674 እስከ 1913 እ.ኤ.አ. የታተሙ የችሎት ዘገባዎች ስብስብ ነው፣ ምስክሮቹ የተናገሩትንም ብዙ ጊዜ ይዟል። የድሮ ኅትመትን ኮምፒውተር ሲያነብ ፊደል ስለሚያምታታ (ትሮቭ ላይ አንባቢው ራሱ ጽሑፉን ማረም ይችላል) በስም ካልመጣላችሁ በመንገዱ ስም፣ በተበዳዩ ስም ወይም በተሰረቀው ዕቃ ሞክሩ። የተሰረቀ ፈረስ ከሰው ስም ይልቅ ቶሎ ይገኛል።

አሁን ወደ ፍሬው። ጋዜጣው ዝምድናን ይጠቁማል እንጂ አያረጋግጥም፤ ማረጋገጫው ያለው የፍርድ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ነው፣ ያም በአገሩ ወይም በክልሉ ቤተ መዛግብት ይፈለጋል። እዚያ ሦስት ነገር ዕዩ። አንደኛ የዋስትና ወረቀት፤ ለእስረኛ ገንዘቡን የሚያስይዝ ሰው ጨርሶ የማያውቀው የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው፣ ብዙውን ጊዜ የሚስት ወንድም ወይም አሠሪ ነው የሚሆነው። ሁለተኛ የእስር ቤት መዝገብ፤ የትውልድ ቦታ፣ ቁመት፣ ጠባሳ፣ አንዳንዴም የቅርብ ዘመድ ስም ይጻፍበታል። ሦስተኛ፣ ሰው የሞተበት ጉዳይ ከሆነ የአሟሟት ምርመራው፤ አስከሬኑን ማን እንደለየ ያያችሁ ቀን ለዓመታት የጠፋባችሁ እህት ልትገኝ ትችላለች።

አንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ሞክሼ መኖሩ ብርቅ አይደለም። የተከሰሰ ሰው ደግሞ ስሙን ይቀይራል። ስለዚህ ዕድሜውንና አድራሻውን ከሕዝብ ቆጠራ ጋር አስተያዩ። የአሜሪካ ቆጠራ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ነው፣ የ1950ው በ2022 ተከፍቷል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የእንግሊዝና ዌልስ የ1921ዱም በዚያው ዓመት ወጥቷል። የ1931ዱን አትድከሙበት፣ በ1942 እሳት በልቶታል። አድራሻ፣ ሥራና ዕድሜ ሦስቱም ከገጠሙ ጥሩ ነው፤ ስም ብቻ ከገጠመ ግን ገና ምንም አልያዛችሁም፣ የዘር ሐረጉ ላይም «ሊሆን ይችላል» ብላችሁ ምልክት አድርጉበት።

በመጨረሻ፣ ያገኛችሁትን ለቤተሰብ ከማሰራጨታችሁ በፊት ጉዳዩን የሚያውቅ ትልቅ ሰው በሕይወት ካለ ለብቻው አነጋግሩት። ወረቀቱን አታሳዩት። መጀመሪያ በዜናው ውስጥ ያሉትን የምስክሮቹን ስም አንድ በአንድ እየጠራችሁ «ይሄ ማናችን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።