ኬሚካል እጅ ሲቀይር፦ ፋብሪካዎች ደጋግመው የሚሠሯቸው ስህተቶች

ፋብሪካ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት "ለጥቂት ተረፍን" ያልንባቸውን ቀናት መለስ ብዬ ሳስብ አንድ ነገር ይመሳሰልብኛል። አብዛኞቹ የተፈጠሩት ኬሚካሉ እጅ ሲቀይር ነው። ከመኪና ሲራገፍ፣ ከበርሜል ወደ ጀሪካን ሲገለበጥ፣ ከማታ ተረኛ ለጠዋት ተረኛ ሲተላለፍ፣ "ባዶ ነው" ተብሎ ሲወጣ። ዕቃው ይተላለፋል፣ ስለ ዕቃው የሚታወቀው ግን ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ስህተቶቹን ኬሚካሉ በሚሄድበት መንገድ እንከተላቸው።

በብዛት ገዝቶ መርሳት

በወር ሁለት በርሜል ለሚበቃው ሥራ ሃያ በርሜል ይገባል። ምክንያቱ "በብዛት ሲገዛ ይረክሳል" ነው። ከዚያ የምርቱ ዓይነት ይቀየራል፣ ያዘዘው ሰው ሥራ ይለቃል፣ በርሜሎቹ ጥግ ይዘው ይቀራሉ። ሌብሉ ይደበዝዛል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው አይገኝም።

ነገሩ በትልቁ ሲሆን ምን እንደሚመስል ቤይሩት ወደብ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 2020 የፈነዳው አሞኒየም ናይትሬት፣ ለማዳበሪያና ለፈንጂ የሚውል ኬሚካል፣ መጋዘን ውስጥ ስድስት ዓመት ገደማ ተቀምጦ ነበር። ሲገባ 2,750 ቶን ነበር። የሚጠቀምበት የለ፣ የሚያስወግደው የለ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ።

ግዢ ከመጠየቁ በፊት ሁለት ጥያቄ ይቅደም። ይሄ ነገር የግድ ያስፈልገናል? ከሱ የቀለለ የለም? ቅባት ለማጽዳት ከሚነድ ፈሳሽ ይልቅ በውሃ የሚሠራ ማጽጃ የሚበቃበት ቦታ ብዙ ነው። ያልገባ ኬሚካል አይፈስም።

የመረጃ ቅጹን ቢሮ መቆለፍ

ከኬሚካሉ ጋር የሚመጣው የደህንነት መረጃ ቅጽ፣ ብዙዎቻችን ኤስዲኤስ የምንለው፣ 16 ክፍሎች አሉት። በዓለም አቀፉ አሠራር መሠረት ቅደም ተከተላቸው አይቀየርም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ መስመር ላይ ያለ ሠራተኛ 16ቱንም አያነብም። እንዲያነብም አልጠብቅም። አምስቱን ግን ማወቅ አለበት፦ 2ኛው አደጋው ምን እንደሆነ፣ 4ኛው የመጀመሪያ እርዳታውን፣ 7ኛው አያያዙንና አቀማመጡን፣ 8ኛው ምን መልበስ እንዳለበት፣ 10ኛው ከምን ጋር መገናኘት እንደሌለበት ይነግረዋል። እነዚህን በሚያነበው ቋንቋ፣ በአንድ ገጽ፣ ሥራው ቦታ ላይ ለጥፉለት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ዓይኑ ውስጥ አሲድ የገባበት ሰው የቢሮ ቁልፍ የያዘው ሰው እስኪመጣ አይጠብቅም።

ሲራገፍ "ሹፌሩ ያውቀዋል" ማለት

ይሄን ስህተት ከሁሉም በላይ እፈራዋለሁ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 2016 አሜሪካ፣ ካንሳስ ግዛት፣ አቺሰን ከተማ ውስጥ አንድ ቦቴ ሰልፈሪክ አሲድ ይዞ ወደ አንድ ፋብሪካ ገባ። የፋብሪካው ሠራተኛ የአሲዱን መሙያ ቁልፍ ከፍቶለት ወደ ሥራው ተመለሰ። አጠገቡ ያለው የሶዲየም ሃይፖክሎራይት መሙያም ሳይቆለፍ ነበር። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ማለት በረኪና ውስጥ ያለው ነገር ነው። ሁለቱ መሙያዎች ይመሳሰላሉ፣ ምልክታቸውም በግልጽ አይለይም። ሹፌሩ ቱቦውን በተሳሳተው ላይ ሰካ። አሲዱና ሃይፖክሎራይቱ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ደመና ተነሳ። ከ140 በላይ ሰዎች ሕክምና ፈለጉ።

ሹፌሩን መውቀስ ይቀላል። እኔ ግን ሁለት ተመሳሳይ አፍ ጎን ለጎን ያስቀመጠውን ሰው ነው የምጠይቀው። የማይገናኙ ኬሚካሎች መሙያቸው በቅርጽና በመጠን ይለይ፣ የአንዱ ቱቦ ለሌላው እንቢ እንዲል። ቁልፉ አንድ ሰው እጅ ይሁን። ፓምፑ ከመነሳቱ በፊት ተቀባዩና ሹፌሩ አብረው ቆመው የሰነዱን ስም ከቧንቧው ስም ጋር ጮክ ብለው ያንብቡ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አሲድ ከአሲድ፣ ዱቄት ከዱቄት ብሎ መደርደር

አንዳንዱ ስቶር በፊደል ተራ ይደረድራል። ሲያዩት ያምራል። አንዳንዱ ደግሞ "አሲዶቹን አንድ ላይ" ይላል። ግን ናይትሪክ አሲድ እሳት የሚያባብስ ነው፣ አሴቲክ አሲድ ደግሞ የሚነድ። ስማቸው አሲድ ስለሆነ ወንድማማች አይደሉም። አቀማመጥ የሚወሰነው በጠባያቸው ነው። የፈሰሰውን እንዲይዝ ከዕቃዎቹ ስር የሚደረገው ገንዳም እንዲሁ ለመልክ የተሠራ አይደለም። የተለመደው መለኪያ የትልቁን ዕቃ ይዘት 110 በመቶ መያዝ መቻሉ ነው። ገንዳውን የዝናብ ውሃ ወይም አሮጌ ካርቶን ከሞላው ግን የለም ማለት ነው።

በውሃ ጠርሙስ መቅዳት

አንድ የነበርኩበት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ቀለም ክፍል ያለ ልጅ ብሩሽ ሊያጥብ በግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ቲነር ቀድቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ደቂቃም አልቆየ፣ ስልክ ተደውሎለት ወጣ። ከምድጃው ክፍል ላብ በላብ ሆኖ የመጣ ጓደኛው ጠርሙሱን አንስቶ ከፈተው። አፉ ጋ ሲያደርሰው ሸተተውና ወረወረው። ሁላችንም ሳቅን። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሳቄ ጠፋ። ያዳነው የቲነሩ ሽታ ነው። በውሃ የሟሟ ኮስቲክ ሶዳ፣ ሥጋ የሚያቃጥለው፣ ቢሆን ኖሮ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ውሃ ነው የሚመስለው።

በነጋታው ስብሰባ ከመጥራት ይልቅ የበርሜሎቹ ቧንቧ አጠገብ ጥቅል ፕላስተርና ማርከር በሲባጎ አሰርን። የተቀዳ ሁሉ ስሙና አደጋው ይጻፍበታል። ማርከሩ ሩቅ ከሆነ ማንም አይጽፍም። የምግብና የመጠጥ ዕቃ ደግሞ ተጽፎበትም ቢሆን አይፈቀድም።

መቅዳት ላይ እያለን፦ የሚነድ ፈሳሽ ሲቀዳ በርሜሉና መቀበያው ሁለቱም ብረት ሆነው በሽቦ ይያያዙ፣ ሽቦውም ከመሬት ጋር ይገናኝ። ፈሳሹ ሲፈስ የኤሌክትሪክ ሙል ያጠራቅማል፣ ሙሉ ደግሞ ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል። እንደ ቲነር ቀለም የሚያሟሟው አሴቶን −20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉን ተከትሎ ይሄድና ራቅ ያለ ብልጭታ ያገኛል። አሲድ ስታቀጥኑ ደግሞ አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አታፍስሱ።

ጓንትና ማስክ ሰጥቶ "ጨርሰናል" ማለት

የአቧራ ማስክ የቲነር ትነት አያቆምም። ሠራተኛው ግን አፉ ስለተሸፈነ የተጠበቀ ይመስለዋል። ይሄ ከምንም የባሰ ነው። ከሰው ሠራሽ ጎማ የሚሠራው የናይትራይል ጓንትም ለብዙ ነገር ጥሩ ሆኖ ሳለ አሴቶን ቶሎ ያልፈዋል። መጀመሪያ ክዳን፣ ቀጥሎ ትነቱን ከምንጩ የሚስብ ማራገቢያ፣ ጓንትና ማስክ መጨረሻ።

የዓይን መታጠቢያውንም ሄዳችሁ ክፈቱት። ፊት ለፊቱ ካርቶን ካልተደረደረ፣ ቡናማ ውሃ ካልተፋ ጥሩ ነው። በሳምንት አንዴ ይከፈት። ከአደጋው ቦታ 10 ሰከንድ የማይበልጥ መንገድ ላይ ይሁን። የዓይን ቆብን በእጅ ገልጦ ቢያንስ 15 ደቂቃ ማጠብ ያስፈልጋል። 15 ደቂቃ እዚያ ጎንበስ ላለ ሰው ረጅም ነው፣ አጠገቡ የሚይዘው ሰው ይቁም።

ባዶ በርሜልን ባዶ ብሎ ማመን

የሚነድ ፈሳሽ የነበረበት በርሜል ሲያልቅ ትነቱ ይቀራል፣ አየርም ይገባል። ለፍንዳታ የሚያስፈልገው ድብልቅ ይሄው ነው። በያጅ መጥቶ "ግማሹን ቆርጬ ማስቀመጫ ልሥራበት" ሲል ግራይንደሩ ሳይነሳ አስቁሙት።

ሌላው መንገድ ወደ ቤት ነው። ፎርማሊን የተባለ መርዛማ ኬሚካል የነበረባቸውን ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎች አጥበን፣ እጣቢውን ከኬሚካል ቆሻሻ ጋር አድርገን፣ ማንም ዳግም እንዳይጠቀምባቸው ሆዳቸውን እየበሳን ነበር። በር ላይ ያሉት ጥበቃ መጥተው ቆሙ።

"ምነው ልጄ፣ ይሄን የመሰለ በርሜል!"

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ውሃ አይያዝበትም" ብዬ ምን እንደነበረበት ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

"እኔ ቤት ሁለት አለ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት መኪና ይዘን ሄደን አመጣናቸው።