የብራና ጽሑፍን ለኅትመት ማሰናዳት

ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተቀምጦ አንድ ገድል ለማሰናዳት የሚነሣ ሰው ቶሎ የሚያጠፋው ፊደል በማረም ነው። የመጀመሪያው ግልባጭ ብራናው እንዳለ ይሁን። ጸሐፊው ስለ ፀሐይ ሲናገር «ሠረቀ» ማለት ሲገባው «ሰረቀ» ቢል ፀሐይን ሌባ አድርጓታል፤ ያም ሆኖ እንዳለ ጻፉት። ፊደሉ መቀላቀሉ በጸሐፊው ዘመን ድምፆቹ አንድ መሆናቸውን ይመሰክራል። እርማቱ ሁለተኛው ደረጃ ላይ፣ ብራናው ያለው ግርጌ ተቀምጦ ይገባል።

በየመስመሩ አድራሻ ስጡ፦ ቅጠል፣ ገጽ፣ ዓምድ። «12 ለ 2» ማለት 12ኛው ቅጠል፣ ጀርባው፣ ሁለተኛው ዓምድ ነው። በቀይ ቀለም የተጻፈውን ለዩ። ፮ እና ፯ን ደጋግማችሁ እዩ፤ ቀለሙ ከደበዘዘ ዓመተ ምሕረት የሚበላሸው እዚህ ነው።

ማመሳከር ለሁለት ሰው ነው። አንዱ ከብራናው ያነባል፣ ሌላው ግልባጩን ይከተላል። ብቻውን የሚያመሳክር ሰው ዐይኑ የሚያስታውሰውን ያነብለታል። ሞክሼ ፊደላት ግን በጆሮ አይለዩምና አንባቢው «ሐመሩ ሐ»፣ «ንጉሡ ሠ»፣ «ዐይኑ ዐ» እያለ ይጥራቸው። አድካሚ ነው፤ አትዝለሉት።

ቅጂዎች ሲበዙ እያንዳንዱን በአንድ ፊደል ሰይሙ። ዝምድናቸውን የሚገልጠው የጋራ ስሕተት ነው፤ ትክክለኛ ንባብ ሁሉም ከአንድ ምንጭ ሊወርሰው ይችላል። በሁለት ቅጂዎች አንድ ዐረፍተ ነገር ከተመሳሳይ ቦታ ከጎደለ፣ ዝላዩ የሁለቱም አባት በሆነ ቅጂ ላይ ሳይደርስ አይቀርም። ዝላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሐረጎች በአንድ ቃል ሲያልቁ ይመጣል። የገልባጩ ዐይን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ያልፋል።

ቅጂዎቹ በቃል ሳይሆን በአተራረክ ከተለያዩ አትቀላቅሏቸው። እዚህ ላይ የጥንት አይሪሽ ጽሑፎች አሰናጆች ጥሩ አርአያ ናቸው። ሲሲል ኦራሂሊ «ታይን» የሚባለውን የከብት ዘረፋ ታሪክ ስታሰናዳ የሌንስተር መጽሐፍ በተባለው ብራና ያለውን ቅጂ በ1967፣ የመጀመሪያውን የተባለውን ቅጂ ደግሞ በ1976 (እ.ኤ.አ.) ለየብቻ አወጣች። ሁለቱን ሰፍታ ማንም ያልጻፈውን ሦስተኛ ታሪክ አልፈጠረችም።

ከእነርሱ የሚወሰድ ሌላም አለ። የአየርላንድ ጸሐፍት «እና»ን 7 በሚመስል ምልክት ያሳጥሩ ነበር፤ አሰናጁ ሲዘረዝረው የጥንቱን «ኦኩስ» ወይም የኋለኛውን «አጉስ» መምረጥ አለበት። ምርጫው የእርሱ ነውና ብዙዎቹ አሰናጆች የዘረዘሩትን ፊደል አጋድለው ያትማሉ። የእኛም ጸሐፍት ተደጋጋሚ አዝማች ሲመጣ ቃሉን ይቆርጡታል። የግእዝ ፊደል ሲጋደል ዐይን ስለማይለየው የሞላችሁትን በቅንፍ ክበቡ። ለተቀደደ ቦታ ግን ሌላ ዓይነት ቅንፍ ያዙ፣ ስንት ፊደል እንደጎደለም ገምታችሁ በነጥብ አሳዩ።